የወንዝ ዕዳ በጫጩት ይከፈላል?

ሊቪንግስተን ስቶን ዓሣ ማራባት ከመጀመሩ በፊት ሰባኪ ነበር። በኒው ሃምፕሸር የአንዲት የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1860ዎቹ መድረኩን ትቶ ወደ ዓሣ ርባታ ገባ፤ በ1872 ደግሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በማክላውድ ወንዝ ዳር፣ ለአሜሪካ መንግሥት የሳልሞን ማራቢያ አቋቋመ። ዓላማው የአካባቢውን ዓሣ ማዳን አልነበረም። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ወፍጮና ግድብ፣ ልክ ያጣ አጠማመድም የአትላንቲክን ሳልሞን ከወንዞቹ አራቁተውት ስለነበር፣ የማክላውድን ዓሣ እንቁላል በባቡር ወስዶ እዚያ ለመዝራት ታስቦ ነው። ስቶንን የላከው በ1871 የተቋቋመው የዓሣ ኮሚሽን ሲሆን፣ የኮሚሽኑ መሪ ስፔንሰር ቤርድ ዓሣን በሰው እጅ ማብዛት ከተቻለ አጥማጁን በሕግ ማስጨነቅ ብዙም አያስፈልግም የሚል እምነት ነበረው። እምነት ማለቴ ያኔ ማስረጃ ስላልነበረው ነው። በምሥራቅ ወንዞች የተዘራው እንቁላል ዘር ሳይተካ ቀረ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ትልቅ ግድብ በሚሠራበት፣ ወንዝ ለመስኖ በሚጠለፍበት ቦታ ሁሉ በዕቅዱ ገጾች መካከል ጉዳቱ በማራቢያ ይካካሳል የሚል አንቀጽ አይጠፋም።

ያ የስቶን ጣቢያ ዛሬ ከውኃ በታች ነው። ከ1938 እስከ 1945 የተሠራው የሻስታ ግድብ 183 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሲሞላ የማክላውድን የታችኛውን ሸለቆ፣ ማራቢያውን፣ የአካባቢውን ነባር የዊነመም ዊንቱ ሕዝብ መንደሮችና የጸሎት ስፍራዎች አብሮ ዋጠ። ለዓሣ መተላለፊያ አልተሠራለትም። በዚህ ወንዝ ሥርዓት ውስጥ በክረምት ከባሕር ገብቶ በበጋው ሐሩር እንቁላሉን የሚጥል፣ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኝ የቺኑክ ሳልሞን ወገን አለ። በዚያ ሐሩር መራባት የቻለው ከሻስታ ተራራ አካባቢ የሚፈልቁ ምንጮች የማክላውድን ውኃ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ አድርገው ስለሚያቆዩለት ነበር፤ ግድቡ ከእነዚያ ምንጮች ቆረጠው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ100,000 በላይ ይቆጠር የነበረው ወገን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ገደማ ወረደ። በ1994 ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት ተመዘገበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በግድቡ ግርጌ እሱን የሚያራባ ጣቢያ ተሠራ። ጣቢያው የተሰየመው በሊቪንግስተን ስቶን ስም ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ለዓሣ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ስለ ኃጢአትና ስለ ካሳ ለሚያስብ ሰው ሁሉ የሚሆን ጥያቄ ነው። ሰው የአንድን ፍጥረት ቤት አፍርሶ፣ ቤቱን ሳይጠግን፣ ፍጥረቱን ግን በእጁ እያራባ ቢለቅ ዕዳውን ከፍሏል? አልከፈለም እላለሁ። ማራቢያ በጭንቅ ጊዜ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ካሳ ግን ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም ከወንዙ የተወሰደው የዓሣ ቁጥር ሳይሆን የመውለድ አቅሙ ነው።

ሳልሞን በወንዝ እንዴት እንደሚወለድ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ሴቲቱ በጎኗ ተጋድማ በጅራቷ ጠጠሩን እየመታች ጎድጓዳ ትቆፍራለች። ወንዶቹ በዙሪያዋ ይገፋፋሉ፤ እንቁላሏን ስትጥል ትግሉን ያሸነፈው ዘሩን ያፈስበታል፤ እሷም ከላይ በኩል አዲስ ጠጠር እየቆፈረች ታለብሰዋለች። በጠጠሩ መካከል እየሾለከ የሚያልፈው ቀዝቃዛ ውኃ ለሳምንታት ለእንቁላሉ እስትንፋስ ያቀብላል። ከጠጠሩ የወጣው ጫጩት ድንጋይ ሥር መደበቅን፣ ጅረቱ የሚያመጣቸውን ነፍሳት መልቀምን ይለምዳል፤ ከራሱ በላይ ጥላ ሲያልፍ ዓሣ በሊታ ወፍ ነውና ወደ ታች ይሰምጣል። በማራቢያው ግን የእናቲቱ ሆድ ተቀዶ እንቁላሉ ወደ ባልዲ ይወርዳል፤ የወንዱ ዘር ተጨምቆ ይደባለቅበታል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚዳቀል የሚወስነው የዘረመል ሰንጠረዥ የያዘ ባለሙያ ነው። እንቁላሉ ውኃ በሚፈስበት ትሪ ላይ ተደርድሮ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም በገንዳ ያድጋሉ። ምግባቸው ከላይ ስለሚበተን ጥላ ሲያዩ ወደ ላይ መውጣት ይለምዳሉ። ከመለቀቃቸው በፊት ከጀርባቸው ወደ ጅራት በኩል ያለችው ትንሿ ክንፍ ትቆረጣለች፤ ወደፊት ገንዳ ወለድ መሆናቸው በዚያ ይታወቃል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ለዓሣው የሚቆረቆሩ ናቸው፤ የውኃ ፓምፕ በሌሊት ቢቆም ከእንቅልፋቸው ተነሥተው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ክርክሬ ከእነሱ ጋር አይደለም። ይህን የዘረዘርኩት ዓሣው በገንዳ ውስጥ ለገንዳ የሚሆን ጠባይ ይዞ እንደሚያድግ፣ ወንዙ የሚጠይቀው ግን ሌላ ጠባይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ልዩነቱ ደግሞ በጠባይ ብቻ አይቀርም፤ በዘር ይተላለፋል። በኦሪገን ግዛት በሁድ ወንዝ ስቲልሄድ የሚባለውን፣ እንደ ሳልሞን ወደ ባሕር ወርዶ የሚመለስ ዓሣ፣ የዘረመል ተመራማሪዎች ለዓመታት ወላጅን ከልጅ እያዛመዱ ተከታትለውታል። በ2007 የታተመው ውጤት፣ በማራቢያ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ትውልድ ዓሦቹ በወንዝ ዘር የመተካት ብቃታቸው በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2012 በዚያው ወንዝ የወጣው ጥናት ደግሞ ምክንያቱን ጠቆመ፤ በገንዳ ውስጥ ብዙ ልጅ ያተረፉት ወላጆች ልጆች በወንዝ ውስጥ ደካሞች ሆኑ። ገንዳው የሚመርጠው ሌላ፣ ወንዙ የሚመርጠው ሌላ ነው ማለት ነው። ገንዳ ወለዱ ከወንዝ ወለዱ ጋር ሲዳቀል ድካሙ ለሁለቱም ይተርፋል፤ እናም ለእርዳታ የተለቀቀው ዓሣ የተረፈውን ጤነኛ ዘር ሊያደክመው ይችላል። የሞንታና ግዛት በ1974 የሳልሞን ዘመድ የሆነው የዱር ትራውት ባለባቸው ወንዞች ዓሣ መልቀቅ ስታቆም አጥማጆች ተቆጡ፤ የወንዞቹ ዓሣ ግን በራሱ በዛ። ስቶን ራሱ ይህን ጥናት ሳያይ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሶ ነበር። በ1892 ለዓሣ ባለሙያዎች ባደረገው ንግግር፣ ሳልሞን ማንም የማይነካው የራሱ መጠጊያ ወንዝ በአላስካ እንዲከለልለት ለመነ፤ በዚያው ዓመት የአፎግናክ ደሴት በፕሬዚዳንት ሃሪሰን አዋጅ ተከለለ። ዕድሜውን በማራቢያ ያሳለፈ ሰው የጠየቀው ተጨማሪ ማራቢያ አልነበረም፤ ያልተነካ ውኃ ነበር። ይህ ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ይገርመኛል።

የዘፍጥረት መጽሐፍ የፍጥረትን ነገር ሲተርክ አንድ ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ብዙ፣ ተባዙ የሚለው በረከት መጀመሪያ የወረደው በሰው ላይ አይደለም፤ በአምስተኛው ቀን በውኃ ፍጥረታትና በወፎች ላይ ነው። ሰው በስድስተኛው ቀን ሲመጣ ዓሣው ከነበረከቱ ቀድሞት ነበር። ከዚያም በፊት ትእዛዙ የተነገረው ለውኃው ነው፤ ሕያዋንን እንዲያስገኝ የተጠራው ውኃው ራሱ ነበር። ስለዚህ በዚህ ትረካ ውስጥ ወንዝ ዓሣ የሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም፤ በመውለዱ ሥራ ተካፋይ ነው። ሰው ግድብ ሠርቶ ዓሣውን ከጠጠሩና ከምንጩ ሲለየው የሚቀማው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ይህን የተሰጠ ክህነት የመሰለ ድርሻ ነው። የማያምን ሰውም በራሱ ቋንቋ ይህንኑ ሊል ይችላል፤ አንድ የዓሣ ወገን ከአንድ ውኃ ጋር በሺህ ዓመታት የተስማማ የውርስ ክር ነው፤ የበጋ እንቁላል ጣዩ ቺኑክ ያለ ቀዝቃዛ ምንጭ ትርጉም የለውም። ገንዘብ የሰረቀ በሌላ ብር ሊከፍል ይችላል፤ የመውለድ አቅም የነጠቀ ግን በተወለዱ ልጆች ቁጥር አይከፍልም፤ አቅሙን ራሱን መመለስ አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከዚያው መጽሐፍ የሚመዘዝ ነው። ሰው በባሕር ዓሦች ላይ እንዲገዛ ተሹሟል፤ ጤፍን ከሣር ለይቶ ያለማ፣ ላምን ከዱር አውጥቶ ያላመደ ሰው ሳልሞንን በገንዳ ቢያራባ ምን አጠፋ? ደግሞስ ለሚበላው ሰው ዓሣ ዓሣ ነው፤ በሳህን ላይ የክንፉን መቆረጥ ማን ያያል? ከዚህ ተቃውሞ ግማሹን እቀበላለሁ። በኩሬ ቆሮሶ አርብቶ ቤተሰቡን የሚመግብ ገበሬ ምንም የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ ላምን ያላመዱ አባቶችም የዱሩን ከብት መለስን አላሉም። የወንዝ ማራቢያው ግን የሚለው ሌላ ነው። ወንዙን መልሼልሃለሁ ይላል፤ በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶም ግድቡ ፈቃድ ያገኛል፣ መስኖው ይጠለፋል፣ መረቡ ይዘረጋል። የሚፈረደው በዚህ ቃል እውነትነት ነው። ሹመትም ቢሆን መልስ የሚጠየቅበት ነገር ነው፤ አንድ ሹም የተሰጠው አገር በእሱ ዘመን መውለድ ካቃተው፣ ከሌላ ቦታ ልጆች እያስመጣ መንደሩን ስለሞላ በደንብ ገዛ አይባልም።

ከዚህም አልፎ ሕመሙ የሚታየው ጉዳቱ ሳይቆም ካሳው ሲጀመር ነው። ዘኬዎስ ያታለላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ ሊመልስላቸው ቃል ሲገባ ቀራጭነቱን በዚያው መንገድ ሊቀጥል አልነበረም፤ እያታለለ እየመለሰ ቢኖር ኖሮ ንስሐው የንግድ ስሌት በሆነ ነበር። የነፍስ አባትም የሰው ከብት የሰረቀውን ከብቱን መልስ ይለዋል፤ ስርቆቱን ቀጥል፣ በየዓመቱ ግን ምጽዋት ስጥ አይለውም። በሻስታ ግርጌ የሆነውን እንይ። ከግድቡ በታች የቀረው ቺኑክ እስከ ዛሬ የተረፈው ከማጠራቀሚያው ሐይቅ ጥልቅ የሚለቀቅ ቀዝቃዛ ውኃ ስላለ ነው፤ ውኃው ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ እንቁላሉ መሞት ይጀምራል። በ2014 እና በ2015 በድርቁ ወቅት ቀዝቃዛው ውኃ አለቀ፤ በወንዙ ከተጣለው እንቁላልና ከተፈለፈለው ጫጩት ከ100ው 95 ገደማ የሚሆነው ጠፋ። ማራቢያው በዚያን ጊዜ ምርቱን በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ አደረገ፤ ሥራውም ያን ትውልድ ከመጥፋት አተረፈ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የማራቢያው ገንዳ ሲሞላ የውኃ ክፍፍሉ ጥያቄ እፎይ አለ። ውኃው ለማን ይለቀቅ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ቅዝቃዜ የሚለው መራራ ክርክር፣ ጫጩት እስካለ ድረስ ለነገ ሊተላለፍ ይችላል። ማራቢያ የሚያመጣው ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል። የዘር መድከሙ በጥናት ይለካል፤ የሕሊና መድከም ግን አይለካም።

በተቃራኒው በኩል የሚቆሙ አሉ። ገንዳው ይህን ያህል የሚያበላሽ ከሆነ ይዘጋ፤ የሚጠፋውም በክብር ይጥፋ ይላሉ። ይህን ልቀበል አልችልም። ያጠፋ ሰው የሚሞተውን ቆሞ የማየት መብት የለውም። በ1992 ወደ አይዳሆው ሬድፊሽ ሐይቅ የተመለሰው ሶካይ ሳልሞን አንድ ወንድ ብቻ ነበር፤ ከ1991 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ሁሉ ተደምሮ የመጣው 16 ነው። እነዚያ ተይዘው በማራቢያ ባይጠበቁ ኖሮ ከባሕር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚወጣው ያ ዘር ዛሬ አይኖርም ነበር። በ2014 ከ1,500 በላይ ተመለሱ። በ2015 ግን ወንዞቹ በሙቀት ፈልተው ከመጡት አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በክፉ ዓመት ገበሬ የዘር እህሉን በጎታ ያስቀምጣል፤ ቤተሰቡ እየተራበ እንኳ አይነካውም፤ ያ ጎታ ግን ምርት አይደለም፣ ማሳውም ካልታረሰ ዘሩ ነቀዝ ይበላዋል። የሬድፊሽ ታሪክ ይህ ነው፤ ዘሩ ተጠብቋል፣ ማሳው አልታረሰም። አጠባበቁም ልዩነት አለው። በአይዳሆ በጆንሰን ክሪክ የኔዝ ፐርስ ሕዝብ የሚያስተዳድረው የቺኑክ ማራቢያ ለወላጅነት የሚወስደው ወንዝ ወለዱን ብቻ ነው፤ በ2012 የወጣው የዘር ሐረግ ጥናት ዓሣው እንደጨመረ፣ የወንዝ ወለዱ ብቃትም እንዳልተጎዳ አሳይቷል። ስለዚህ ገንዳ በራሱ ርኩስ አይደለም። ወላጆቹን ከወንዙ የሚወስድ፣ ልጆቹን ለወንዙ የሚመልስ፣ ከዓመት ዓመት ከጠጠር የሚወለደው እየበዛ የእሱ ድርሻ እንዲያንስ የሚሠራ ማራቢያ በመንገዱ ላይ ነው። ድርሻው በየዓመቱ እኩል የሆነ ወይም የሚያድግ ማራቢያ ግን ስሙ ማዳን ቢሆንም ተግባሩ መተካት ነው።

ዊነመም ዊንቱዎች በዚህ ነገር ላይ ከማንም ቀድመው ያሰቡ ይመስለኛል። በእነሱ ትውፊት የሰው ልጅ ከሻስታ ተራራ ምንጭ ሲወጣ መናገር አይችልም ነበር፤ ሳልሞን አዘነለትና ድምፁን ሰጠው፤ በምላሹ ሰዎቹ ለዘላለም ስለ ሳልሞን ሊናገሩ ቃል ገቡ። ግድቡ መሬታቸውን ሲውጥ ዓሣቸውም ከወንዛቸው ጠፋ፤ የፌዴራል መንግሥቱም እንደ ጎሳ ሳይቀበላቸው ቆየ። እነሱ ግን ከካሊፎርኒያ የሄደ የሳልሞን ዘር በኒው ዚላንድ ወንዞች እንደሚኖር ሲሰሙ በ2010 እዚያው ድረስ ሄደው በወንዝ ዳር ጨፈሩ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ዓሣውን ራሱን ይቅርታ መጠየቅ! በካሳ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ቦታ የለም፤ ግን ያለዚህ ካሳ ከየት ይጀምራል? በ2022፣ ክረምት ገቢው ቺኑክ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማክላውድ ተመለሰ፤ ወደ 40,000 የሚጠጋ እንቁላል ከማራቢያው ወጥቶ በወንዙ ዳር በቀዝቃዛው ውኃ ተፈለፈለ። ጎሳው ለዚህ የራሱን ማስፈልፈያ ነደፈ፤ እንቁላሉ በትሪ ፈንታ በጠጠር ውስጥ ያርፋል፣ የወንዙ ውኃ ያልፍበታል፣ ጫጩቱም ሲደርስለት ማንም ሳያወጣው ወደ ወንዙ ዋኝቶ ይሄዳል። በ2023 ጎሳው ከግዛቱና ከፌዴራል የዓሣ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሳልሞኑን ወደ ወንዙ በጋራ ለመመለስ ተፈራረመ። ጫጩቶቹ አሁንም በወጥመድ ተይዘው በመኪና ከግድቡ በታች መወሰድ አለባቸው፤ ጎሳው የሚለምነው ዓሣው ራሱ ዋኝቶ የሚያልፍበት መንገድ እንዲሠራ ነው። ማራቢያው እዚህ ቦታ ትክክለኛ ሥራውን ይዟል፤ ፊቱን ወደ ምንጩ አዙሯል።

ይህ ሁሉ ለሰው ምን ያህል ያስከፍላል ብሎ የሚጠይቅ ትክክል ነው። ከሻስታ የሚወጣው ውኃ የካሊፎርኒያን ሸለቆ እርሻዎች ያጠጣል፣ መብራት ይሰጣል፤ በእርሻዎቹ ላይ የሚሠራው ብዙው ሰው ድሃ ነው። ዓሣን ከሰው አስበልጡ የሚል ሃይማኖት አላውቅም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ዕዳ ከባድ መሆኑ ዕዳ አለመሆኑን አያሳይም። ሁሉም ግድብ ይፍረስ አልተባለም፤ የሚፈርስ ግን አለ። በዋሽንግተን ግዛት የኤልዋ ወንዝ ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ሲፈርሱ፣ ጠፍቷል የተባለው የበጋ ስቲልሄድ ከግድቦቹ በላይ ታግተው ከቀሩት የገዛ ወገኑ ትራውቶች ዘር ራሱን መለሰ። በክላማት ወንዝ አራት ግድቦች በ2024 እንደተነሡ ቺኑክ ከ100 ዓመት በላይ ወዳልደረሰበት ውኃ ወጣ። ማንም አላስተማረውም። በሻስታ ግን ውይይቱ ገና ግድቡን 5.6 ሜትር ገደማ ከፍ ማድረግን ያካትታል፤ ይህ ቢሆን ከዊነመሞች የቀሩት የጸሎት ስፍራዎች ደግሞ ይሰጥማሉ። ማፍረስ የማይቻል ቢሆን እንኳ መተላለፊያ መሥራት፣ ለእንቁላሉ ወራት ቀዝቃዛ ውኃ መመደብ፣ ግድቡን አለማስረዘም ይቻላል። የሚቻለውን ሳያደርጉ የማይቻለውን ሰበብ ማድረግ የባለዕዳ መልስ አይደለም።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዓለም ሌላ ስፍራ የሌሉት የጣና ላቢዮባርበስ ዓሦች 15 ገደማ ዝርያ አላቸው፤ ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዞቹ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በናሙና የተያዘው መጠናቸው በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመዝግቧል፤ ርብም ዛሬ ግድብ አለበት። ጫጩት እናራባና እንልቀቅ የሚል ሐሳብ እዚህም መምጣቱ አይቀርም፤ ለመስማት ደስ የሚል፣ ሪባን የሚቆረጥበት ሐሳብ ነው። ማክላውድ ያጣውን እኛ ግን ገና አላጣንም፤ ጠጠሩም ምንጩም በቦታው ናቸው፣ ዓሣውም መንገዱን ያውቃል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ እንቁላል ከሚጣልበት ቦታ ጠጠርና አሸዋ በመኪና አይጫን፤ ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ወንዙን የሚያደርቅ አይሁን። የማራቢያ በጀት የሚጠይቅ ሰው እነዚህ ሦስቱ በእርግጥ ተሞክረው ምን ያህል ጉድለት እንደቀረ በቁጥር ይዞ ይምጣ።